ምርቃናው ሄዶ ሀራራው ሲቀር

ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል ሲል ማዛጋት ይጀምራቸዋል። እንቅልፍ አላነሳቸውም፤ ምሳም በልተዋል። ጧት ያሳቃቸው ቀልድ አሁን ያበሳጫቸዋል፣ ተሳፋሪ መልስ ሲጠይቃቸው ፊታቸው ይጠቁራል፣ ዓይናቸው እንባ ያቀርራል። ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው የታክሲ ሾፌር ናቸው፤ በሰፈሩ ትልቁም ትንሹም ጋሼ ይላቸዋል። ሰባት ሰዓት ሲሆን መኪናቸውን የተለመደው ጥላ ሥር አቁመው ወደ ጫት ተራው ይሻገራሉ። ሻጯ ምን ይፈልጋሉ ብላ አትጠይቅም፤ በኮባ የተጠቀለለውን ከእርጥብ ማዳበሪያ ሥር ስባ ታወጣላቸዋለች። ኮባው ገና አልተፈታም፣ አንዲት ቅጠል አፋቸው አልገባችም። ማዛጋቱ ግን ቆሟል። ዋጋ ይከራከራሉ፣ ይቀልዳሉ፣ ፊታቸው ተፈትቷል።

ከዚያ በኋላ ያለው በርጫ ቤት ለገባ ሰው ሁሉ የታወቀ ነው። ፍራሽ፣ መደገፊያ ትራስ፣ ሀይላንድ ውሃ፣ አንድ ጭብጥ ለውዝ፣ ጥግ ላይ የሚጤስ ዕጣን። ቀንበጡ እየተመረጠ ወደ ጉንጭ፣ ገራባው ወደ ወለል። በመጀመሪያው ሰዓት ወሬው ሞቅ ይላል፤ በሁለተኛው ዕቅድ ይመጣል፣ ያልተሠራ ፎቅ፣ ያልተከፈተ ድርጅት አይቀርም፤ ከዚያ ሁሉም ወደየራሱ ገብቶ ጸጥ ይላል። ጋሼ ግን ፎቅም አልሠሩ፣ ብዙም አላወሩ። ጎናቸው ተቀምጬ ስለነበር «ጋሼ፣ መረቀኑ እንዴ?» አልኳቸው።

«ምርቃና የድሮ ነገር ሆነ፣ ልጄ። አሁን የምቅመው እንዳላዛጋ ነው።»

ይህን የመሰለ ነገር ከብዙ የቆየ ቃሚ አፍ ይሰማል፤ ከሲጋራ አጫሽና ከጠጪም እንዲሁ። ሰሚው ራስን የመሸንገያ ሰበብ አድርጎ ያልፈዋል። ሰው የሚያስደስተውን ይፈልጋል፣ ደስታው ሲጠፋ ፍላጎቱም ይጠፋል ብለን ስለምናስብ፣ የማያስደስተውን ነገር በየቀኑ የሚገዛ ሰው ወይ ይዋሻል ወይ ወኔ የለውም እንላለን። የአንጎል ሳይንስ ግን ብዙ ዓመት ተሳስቶ ተሳስቶ የደረሰው ጋሼ ካሉት ነገር ላይ ነው።

ነገሩ የጀመረው በ1950ዎቹ መጀመሪያ ካናዳ፣ ሞንትሪያል ውስጥ በስሕተት ነው። (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ጄምስ ኦልድስ እና ፒተር ሚልነር የተባሉ ሁለት የማክጊል ዩኒቨርሲቲ ወጣት ተመራማሪዎች ንቃትን በሚቆጣጠረው የአይጥ አንጎል ክፍል ውስጥ ቀጭን ሽቦ ሊቀብሩ ሞክረው አንደኛው ሽቦ ስቶ ሌላ ቦታ ገባ። አይጧን ሰፊ ሳጥን ውስጥ ለቀቋትና ወደ አንደኛው ጥግ በሄደች ቁጥር ትንሽ ኤሌክትሪክ ይሰዱባት ጀመር። አይጧ ከጥጉ ትሸሻለች ተብሎ ሲጠበቅ ተመልሳ መጣች። በማግሥቱም ከሌላው ጥግ ይልቅ ያንኑ መረጠች። ቀጥሎ አይጦቹ ራሳቸው በእግራቸው እየተጫኑ ኤሌክትሪኩን የሚለቁበት መርገጫ ተሠራላቸው፤ አንዳንዶቹ በሰዓት እስከ 2,000 ጊዜ ገደማ ተጫኑት። በኋላ በሌሎች ቤተ ሙከራዎች ደግሞ ምግብ አጠገባቸው እያለ መርገጫውን ሲጫኑ የከሱ አይጦች ታዩ።

ጋዜጦች ቦታውን የደስታ ማዕከል አሉት። ስሙ ማራኪ ነበርና ተጣበቀ፤ ቆየት ብሎ ቦታው የሚገኝበት የነርቭ መስመር ዋነኛ መልእክተኛ አድርጎ የሚጠቀምበት ዶፓሚን መሆኑ ሲታወቅ፣ ዶፓሚንም የደስታ ንጥረ ነገር ተባለ። ዛሬም በየኤፍኤሙ «የደስታ ሆርሞን» ሲባል እሰማለሁ። አባባሉ ሁለት ጊዜ ይስታል። ዶፓሚን በዚህ መስመር ላይ የሚሠራው እንደ ሆርሞን በደም ተጉዞ ሳይሆን ከአንዱ ነርቭ ሴል ወደ ሌላው በመተላለፍ ነው። ደስታ ነው ወይ የሚለውን ደግሞ እንመጣበታለን።

አንጎላችን 86 ቢሊዮን ያህል የነርቭ ሴሎች አሉት። ዶፓሚን የሚያመርቱት ከእነዚህ ውስጥ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ብቻ ናቸው፤ አብዛኞቹም ከአንጎል ግንድ ጫፍ ላይ በጠባብ ቦታ ታጭቀው ይገኛሉ። ቅርንጫፋቸው ግን ረጅም ነው። አንዱ ዘርፍ ኒውክሊየስ አኩምበንስ ወደሚባለው፣ ፍላጎትና እንቅስቃሴ ወደሚገናኙበት ክፍል ይሄዳል፤ ሌላው ከግንባር ጀርባ ወዳለው፣ ነገርን መዝኖ «ይቅር» ወይም «ይሁን» ወደሚለው ክፍል ይዘልቃል። በ1988 ጣሊያን፣ ካልያሪ ውስጥ ጋኤታኖ ዲ ኪያራ እና አሱንታ ኢምፔራቶ ነፃ ሆነው በሚንቀሳቀሱ አይጦች አኩምበንስ ውስጥ ቀጭን ቱቦ አስገብተው ዶፓሚኑን ለኩ። ሞርፊን፣ ኮኬይን፣ አምፌታሚን፣ ኒኮቲን እና አልኮል በኬሚካል ባሕርያቸው ፈጽሞ አይዛመዱም፤ አንዱ ያፈዛል፣ ሌላው ያነቃል። በዚያች ትንሽ ቦታ ግን ሁሉም ዶፓሚንን ከፍ አደረጉ። ሰውን ሱስ የማያስይዙ ሌሎች መድኃኒቶች ይህን አላደረጉም።

ሁሉም በየራሱ በር ነው የሚገባው። ነርቭ ሴል ዶፓሚን ከለቀቀ በኋላ መልሶ የሚሰበስብበት ፕሮቲን አለው። ኮኬይን ይህን ፕሮቲን ይደፍነዋል፤ የተለቀቀው ሳይሰበሰብ ይከማቻል። ሄሮይን ዶፓሚን አምራቾቹን የሚያግዱ ሴሎችን ዝም ያሰኛል። ኒኮቲን አምራቾቹን በቀጥታ ይቀሰቅሳል። አምፌታሚን ደግሞ ሰብሳቢውን ፕሮቲን ወደ ኋላ ያሠራዋል፤ ወደ ውስጥ ማስገባት የነበረበት ወደ ውጭ ያፈስሳል።

ጫት የአምፌታሚን ዘመድ ነው። ይህም ቢሆን በቀላሉ አልታወቀም። ለረጅም ጊዜ የጫት ኃይል ካቲን ከሚባለው ንጥረ ነገር ነው ተብሎ ይታመን ነበር፤ ሒሳቡ ግን አልገጥም አለ፣ ካቲን ብቻውን ደካማ ነውና። በ1975 የተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፅ ቤተ ሙከራ ትኩስ ቅጠል መርምሮ ካቲኖንን አገኘ። በቅርጹ ከአምፌታሚን ጋር እጅግ የሚቀራረብ፣ ወደ አንጎልም በቀላሉ የሚዘልቅ ነው። ቀደም ያሉት ተመራማሪዎች ያጡት የደረቀ ቅጠል ይዘው ስለነበር ነው፤ ቅጠሉ ሲጠወልግ ካቲኖን ወደ ካቲን እና ሌላ ደካማ ንጥረ ነገር ይለወጣል። አወዳይ ያለ ነጋዴ ይህን ኬሚስት ሳይነግረው ያውቀዋል። ኮባው፣ የሚረጨው ውሃ፣ ወደ ጅግጅጋ፣ ሐርጌሳና ጅቡቲ እንደ እብድ የሚበሩት መኪኖች፣ ሁሉም የሚሽቀዳደሙት ካቲኖን እንዳይሞት ነው።

እዚህ ድረስ ያለው የጋሼን የድሮ ምርቃና ያስረዳል፤ ኮባው ሳይፈታ ለምን ማዛጋታቸው እንደቆመ ግን አያስረዳም።

ይህን ያስረዱት በስዊዘርላንድ፣ ፍሪቡርግ ይሠሩ የነበሩት ቮልፍራም ሹልትዝ ናቸው። በጦጣዎች አንጎል ውስጥ የአንዲት የዶፓሚን ሴል ድምፅ እያዳመጡ ለጦጣው የጁስ ጠብታ ይሰጡታል። መጀመሪያ ላይ ጠብታው ምላሱን ሲነካ ሴሏ ትጮኻለች። ጁሱ ከመምጣቱ በፊት መብራት እየበራ ይህ ሲደጋገም ግን ለውጥ መጣ። ሴሏ መብራቱ ሲበራ ትጮኻለች፤ ጁሱ ሲመጣ ዝም ትላለች። መብራቱ በርቶ ጁሱ የቀረ ዕለት ደግሞ፣ ጁሱ መምጣት በነበረበት ቅጽበት የወትሮ ድምፅዋ እንኳ ይቆማል። በ1997 ሹልትዝ ከፒተር ዳያን እና ከሪድ ሞንታግ ጋር ባወጡት ጽሑፍ ትርጉሙን አስቀመጡት፦ ዶፓሚን የሚቆጥረው በተጠበቀውና በተገኘው መካከል ያለውን ልዩነት ነው። የወር ደሞዝ ሲገባ ማንም አይጨፍርም፤ ያልታሰበ ቦነስ ያስጨፍራል፤ ደሞዙ የቀረ ዕለት ግን ቤቱ ይታመሳል።

ተራ ደስታ ከጊዜ በኋላ በዚህ ሒሳብ ይረጋጋል፤ የተጠበቀው ከመጣ ሴሎቹ ዝም ይላሉ፣ ትምህርቱ ያበቃል። ካቲኖንና ኮኬይን ሒሳቡን የሚያፋልሱት ዶፓሚንን በኬሚካል ጉልበት እየገፉ ስለሚያስወጡት ነው። የተጠበቀውም ቢመጣ አንጎል ሁልጊዜ «ከጠበቅኩት በላይ አገኘሁ» የሚል መልእክት ይደርሰዋል፤ እናም ያንን የቀደመውን ነገር ሁሉ፣ ሰዓቱን፣ ጥላውን፣ ኮባውን፣ የሻጯን ድምፅ፣ አጥብቆ ይመዘግባል። በፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ አና ሮዝ ቻይልድረስ እና ባልደረቦቻቸው ይህ ምን ያህል ጥልቅ እንደሆነ በ2008 አሳይተዋል። ኮኬይን ለማቆም ይታከሙ ለነበሩ 22 ወንዶች ከኮኬይን ጋር የተያያዙ ሥዕሎችን ለ33 ሺኛ ሰከንድ ብቻ አሳዩአቸው። ዓይን አይቶ የማይለየው ፍጥነት ነው። አንጎላቸው ግን ምላሽ ሰጠ። እንግዲህ አንድ ሰው ሀራራው ከየት እንደመጣበት ሲጠየቅ «እንጃ» ቢል እየዋሸ ላይሆን ይችላል።

አሁን ወደ ደስታው ጥያቄ። ኬንት ቤሪጅ እና ቴሪ ሮቢንሰን በሚሺገን ዩኒቨርሲቲ ዶፓሚናቸው ሙሉ በሙሉ ለማለት በሚቻል ደረጃ የጠፋባቸውን አይጦች ተመለከቱ። እነዚህ አይጦች ካላጎረሷቸው በቀር ምግብ ተደርድሮላቸው በረሃብ ይሞታሉ፤ አንድ እርምጃ ተራምደው አይበሉም። ዶፓሚን ደስታ ከሆነ ስኳር ሊጣፍጣቸው አይገባም። ተመራማሪዎቹ የስኳር ውሃ አፋቸው ውስጥ ሲጨምሩላቸው ግን አይጦቹ ልክ እንደ ጤነኛ አይጥ፣ ልክ እንደ ሕፃን ልጅ፣ ከንፈራቸውን ላሱ። ጣዕሙ አልጠፋም። የጠፋው ፍላጎቱ ነው፣ ተነስቶ የመሄዱ ነገር።

በተቃራኒውም ይሠራል። ዶፓሚን እንዲበዛባቸው ተደርገው የተወለዱ አይጦች ወደ ጣፋጩ ከሌሎቹ ይልቅ ፈጥነው ይሮጣሉ፤ ሲቀምሱት ግን ከሌሎቹ በላይ አያጣጥሙትም። ሁለቱ ተመራማሪዎች በ1993 ያቀረቡት ሐሳብ እነሆ፦ በአንጎል ውስጥ መውደድና መፈለግ የተለያዩ ናቸው። ሱስ አምጪ ነገር ሲደጋገም መፈለጉን እየሳለ ይሄዳል፤ መውደዱ ግን ባለበት ይቆያል ወይም ይደበዝዛል። በእኔ አመለካከት በሱስ ሳይንስ ውስጥ ከዚህ የበለጠ ሰውን ከሐሜት ያዳነ ግኝት የለም።

በሰው ላይም ታይቷል። ኖራ ቮልኮቭ እና ባልደረቦቻቸው በ1997 ኮኬይን ካቆሙ ሰዎች አንጎል ውስጥ ዶፓሚን የሚጨምር መድኃኒት ሲሰጣቸው ምን እንደሚሆን ፔት ስካን በሚባል የአንጎል ምስል ማንሻ ተመለከቱ። ከዚያ በፊት ኮኬይን ካልወሰዱት ጋር ሲነጻጸሩ የለቀቁት ዶፓሚን ያነሰ ነበር፤ «ሞቅ አለኝ» ያሉትም በትንሹ ነው። አምሮቱ ግን ቀሰቀሳቸው። የዶፓሚን ተቀባይ ፕሮቲኖችም በብዙ ሱሰኞች ላይ ቀንሰው ተገኝተዋል፤ በየቀኑ የሚጮኽበት ሰው ጆሮውን እንደሚይዝ አንጎልም ይከላከላል። በዚህ ጊዜ ተጎጂው ሱሱ የሚሰጠው ደስታ ብቻ አይደለም። የልጅ ሳቅ፣ ጥሩ ምሳ፣ የእሑድ ኳስ፣ ሁሉም ድምፃቸው ይቀንሳል። ጋሼን ጧት ላይ የሚያናድዳቸው ነገር የለም፣ የሚያስደስታቸውም እየጠፋ ነው። ቀኑ ባዶ ሲሆን የሰባት ሰዓቱ ነገር ብቻውን ጎልቶ ይቆማል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት አለበት፤ ጫት ሄሮይን አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ባለሙያዎች በ2006 መርምረውት ሱስ የማስያዝ ኃይሉ ዝቅተኛ ነው ብለው በዓለም አቀፍ ቁጥጥር ሥር እንዲገባ አልመከሩም። አንዱ ምክንያት ፍጥነት ነው። የሚጤስ ኮኬይን በሰከንዶች ውስጥ አንጎል ሲደርስ፣ ጫት ሲቃም ካቲኖን ደም ውስጥ ጣሪያ የሚደርሰው ከሁለት ሰዓት ገደማ በኋላ ነው። ያበጠው ጉንጭ፣ ማላመጡ፣ ምሬቱ ራሱ ልጓም ነው። ልጓሙ ሲወጣ የሚሆነውን እስራኤል አይታለች። ከየመን የመጡ አይሁዶች ጫት የመቃም ልማዳቸውን ይዘው ሄደዋል፤ ቅጠሉ እዚያ አልተከለከለም። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ግን «ሐጊጋት» የሚባል፣ 200 ሚሊ ግራም ካቲኖን የያዘ እንክብል በየኪዮስኩ መሸጥ ጀመረ። ሰዎች በደም ግፊትና በደረት ሕመም ሆስፒታል መግባት ጀመሩ፤ ልባቸው የተጎዳ፣ አንጎላቸው ውስጥ ደም የፈሰሰ ነበሩባቸው። በ2004 ታገደ። ሞለኪዩሉ ያው ነው፤ የተለወጠው መጠኑና ፍጥነቱ ነው።

የሚቅም ሁሉ ሱሰኛ አይደለም። በ1999 የታተመውና ፕሮፌሰር አታላይ ዓለም የመሩት የቡታጅራ ጥናት 10,468 ጎልማሶችን ጠይቆ ግማሾቹ ቃሚ ሆነው አገኘ። በየቀኑ እቅማለሁ ያሉት ግን ከቃሚዎቹ 17.4 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ አብዛኞቹም ለጸሎት፣ ሐሳብን ለመሰብሰብ ነው ብለዋል። በሥርዓትና በቀኑ የታሰረ ነገር አንጎልን የሚያስተምረው ትምህርት ከዕለት ተዕለቱ ይለያል፤ የሐሙስ ማታ ምልክት ሰኞ እኩለ ቀን ላይ አይቀሰቅስም። ክፉው መንገድ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ጧት ኢጃበና፣ ማለትም የማለዳ ጫት፣ ሲገባ፣ ማታ ደግሞ ምርቃናውን ለመስበር ጨብሲ፣ ማለትም መጠጥ፣ ሲከተል ነው። ሁለት ሱስ በአንድ ቀን። ለማቆም የሞከረም በሌሊት ዱካኩ እየተጫነው ሲቃዥ ያድራል፤ ጥቂት ቀን ታግሦ ይመለሳል።

ቦታ ምን ያህል ኃይል እንዳለው ከቬትናም ጦርነት የበለጠ ያሳየ የለም። ሊ ሮቢንስ በ1971 መስከረም ወር ከቬትናም የተመለሱ የአሜሪካ ወታደሮችን ተከታትለው አጠኑ። ከአምስቱ አንዱ ገደማ እዚያ እያለ የሄሮይንና መሰሎቹ ሱስ ነበረብኝ አለ። መንግሥት አገሩ በሱሰኛ ይጥለቀለቃል ብሎ ፈርቶ ነበር። በተመለሱ በመጀመሪያው ዓመት እንደገና ሱሱ የያዛቸው ከእነዚያ ሱሰኞች 5 በመቶ ገደማ ብቻ ሆኑ። ብዙ ሰው ቁጥሩን አላመነም፤ በጊዜው በአሜሪካ ሆስፒታል ታክመው የሚወጡት አብዛኞቹ ይመለሱበት ነበርና። ለልዩነቱ ምክንያቱ ብዙ ነው፣ ዋጋው፣ ቤተሰቡ፣ ከጦርነቱ መውጣት። አንዱ ግን ግልጽ ነው። ወታደሩ ሽታውን፣ ጓደኛውን፣ ሰዓቱን ሁሉ ሌላ አህጉር ትቶ መጣ፤ ከሆስፒታል የወጣው ግን ወደዚያው መንገድ፣ ወደዚያው ጥግ ተመለሰ።

አንጎል ይድናል ወይ? በከፊል። ሜታምፌታሚን ይወስዱ የነበሩ ሰዎች ከአንድ ዓመት በላይ ሲያቆሙ ዶፓሚን ሰብሳቢው ፕሮቲን በአብዛኛው ሲመለስ በፔት ታይቷል። የማስታወስና የእንቅስቃሴ ፈተናው ግን በዚያው ልክ አልተሻሻለም። የመጀመሪያው ወር ላይ «ምንም አልተለወጠም» ብሎ ተስፋ የሚቆርጥ ሰው ይህን ቢያውቅ ይጠቅመዋል፤ የሚለካው በወራት እንጂ በሳምንት አይደለም።

እንደ ኮኬይንና አምፌታሚን ላሉ አነቃቂዎች ሱስ የመድኃኒት ተቆጣጣሪዎች ያጸደቁት ክኒን እስካሁን የለም። ከሁሉ የበለጠ ማስረጃ ያለው ሕክምና አስቂኝ ይመስላል። የኮነቲከት ዩኒቨርሲቲዋ ናንሲ ፔትሪ 500 የተጠቀለሉ ወረቀቶች ያሉበት ጎድጓዳ ሳህን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡ። ታካሚው የሽንት ምርመራው ንጹሕ ከሆነ አንድ ወረቀት ያወጣል። ግማሾቹ ወረቀቶች «ጎበዝ» ብቻ ይላሉ። ከቀሩት አብዛኞቹ አንድ ዶላር የምታወጣ ዕቃ፣ ጥቂቶቹ የሃያ ዶላር፣ አንዷ ቴሌቪዥን ይዛለች። ንጹሕ ምርመራው ሲከታተል የሚወጣው ወረቀት ቁጥር ይጨምራል፤ አንዴ ንጹሕ ካልሆነ ወደ አንድ ይመለሳል። ሹልትዝ ያዳመጧት ሴል የምትጮኸው ላልተጠበቀ ነገር ነውና፣ ሕክምናው ሱሱ የገባበትን በር ነው የሚጠቀመው። ሱሰኛን በገንዘብ መደለል ነው ብለው የተቃወሙ ብዙ ነበሩ፤ ክርክሩ ዛሬም አላበቃም። የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት ግን ከ2011 ጀምሮ በሆስፒታሎቹ እየሠራበት ነው።